በጆሮ የሚመረጥ ብረት

ጥቅምት በገባ በሦስተኛው ቀን፣ በቁርስ ሰዓት፣ ዌንደል ክሮስቢ አግዳሚው ላይ ወጥቶ ቆመና ዮሰማይት ሸለቆ ውስጥ ገደል ሊወጣ ድንኳን ለተከለ ሁሉ አወጀ።

“ስሙኝ! ሰማያዊው ሸራ ሊነጠፍ ነው!”

ተነጠፈ። በየዓመቱ የሚነጠፈው ያው ሸራ ነው። ሰው ግን ፓንኬኩን በእጁ እንደያዘ መጣ፤ የሌላው ዕቃ ሲዘረገፍ ከበው ማየትና አቃቂር ማውጣት እዚያ ሰፈር ገደል ከመውጣት ይልቅ የሚዘወተር ስፖርት ነው።

አብራው ገደል የምትወጣው ማብሪ የመውጫውን ብረት በየመጠኑ ደረደረችው። ወፍራሙን ሽብልቅ ከዳር፣ ምንቃሮቹን ከእግሯ ሥር። ምንቃር የሚሏት አፏ ቆልመም ያለ፣ ከጥፍር የማትወፍር የብረት ስለት ናት። ነገ የሚወጡበት ስንጥቅ ጣት ቀርቶ ሳንቲም አያስገባም። ምንቃሯን በመዶሻ ይሰኳታል፣ የገመድ መሰላል ያንጠለጥሉባታል፣ መሰላሉ ላይ ቆመው ቀጣይዋን ይሰካሉ። አንዷ ከተሰበረች የታችኞቹ እንደ ዚፕ ተራ በተራ ይነቀላሉ። ከፊት የምትወጣው ማብሪ ናት።

ምንቃር የሚመረጠው ደግሞ በዌንደል ጆሮ ነው። ማብሪ አንዷን በሲባጎ አንጠልጥላ በመዶሻ ነካ ታደርጋታለች፤ እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ይፈርዳል። ደህናዋ ትዘምራለች፤ ውስጧ የተሰነጠቀችው እንደ ሸክላ ቋ ትላለች። በሠላሳ ዓመት አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም ይባላል። የሚለው ዌንደል ነው።

ማብሪ የምታውቀውን ታውቃለች። ማንቆርቆሪያው አጠገቡ ሲያፏጭ ቀና ማለት ካቆመ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እሱ መርጦ ሲጨርስ ከመኪናው ጀርባ ትሄድና በማጉያ መነጽር አንድ በአንድ ታያቸዋለች፤ የተሰነጠቀች ካገኘች ትተካለች። አምና ሦስት አገኘች። ማጉያው ያላየውን እግዜር ይወቀው። ይቅርብህ እንዳትለው ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ከእሷ በቀር አብሮት የሚወጣ ጠፍቷል፤ ዘንድሮ ካልወጣ በቃ፣ አይወጣም።

“አለቃ! ጆሮህ ቁርስ በልቷል?” አለ የጎረቤት ድንኳኑ ቶሊቨር፣ እንቁላል እየጠበሰ። ጮክ ብሎ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ዌንደልን ሲያናግር ጮክ ማለት ከለመደ ቆይቷል፤ ለምን ብሎ የጠየቀ የለም።

“ካንተ መጥበሻ ይሻላል፤ ዝም ብለህ አገላብጥ!”

“እኔንም አንጠልጥላ ታንኳኳኝና ፍረድልኛ!”

“አንተማ ባዶ ነህ። ሳይነኩህም ይታወቃል!”

ሰው ሳቀ። ማብሪ መታች።

“ትዘምራለች፤ ውሰጂ።”

መታች።

“ቋ አለች። ጣያት።”

ያስጣላት ባለፈው ሳምንት ከነማሸጊያዋ የመጣችውን ነበር። ማብሪ ጣለቻት።

“እኔም ሰምቻታለሁ!” አለ ቶሊቨር። የቆሙትም አዎ፣ አዎ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሰባተኛዋ ላይ ሲባጎው ላላ። መዶሻው ገና ሳይነካት ምንቃሯ ሸርተት ብላ ከሸራው ዳር አሸዋ ላይ ወደቀች። ኮሽ አላለችም። ማብሪ መዶሻውን እንዳነሳች ቀረች።

“አቤት አዘማመር!” አለ ዌንደል። “ይቺን ለጠባቡ ቦታ ለራስሽ ያዢያት።”

ማንም አልሳቀም። ቶሊቨር እሳቱን አጠፋ።

“እሺ” አለች ማብሪ፤ ጮክ ማለቱን ረስታው ነበር።

መልሷን ያልሰማው ዌንደል ዞረ። ባዶውን ሲባጎ አየ። ያላረፈውን መዶሻ አየ። አሸዋው ላይ የተጋደመችውን ምንቃር አየ። ከዚያ ቀና ብሎ የቆሙትን ሰዎች ፊት አንድ በአንድ ተመለከተ።

ከመካከላቸው የተገረመ አንድም ሰው አልነበረም።