የጋራው ጎተራ

በ1965 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የቆቦ ሰንበቴ ማኅበር አሥራ ሁለት ኩንታል ማሽላ አጠራቀመ። አባላቱ በየእሑዱ በተራ የሚደግሱትን ትተው ያዋጡት ነው። ማኅበሩን በሙሴነት የሚመራው ይሁኔ፣ ለሰኔ ሚካኤል በአውራ ጎዳናው ዳር ለወደቀው ረሃብተኛ ሁሉ አንድ ትልቅ ድግስ ሊያበላ አስቧል።

ዘኪያ ይህን ሰምታ ቤቱ ድረስ ሄደች። ዘኪያ ባሏ የሞተባት፣ መንገድ ዳር ለሾፌሮች ምግብ እየሸጠች የምትኖር ሙስሊም ናት።

«አያ ይሁኔ፣ በሚካኤል ማግስትስ ማን ያበላቸዋል?»

«እግዚአብሔር ያውቃል።»

«እሱማ ያውቃል። እኛ ነን ያላሰብንበት። አዲሱ ማሽላ እስኪደርስ አምስት ወር አለ። የእኛም ጀማዓ ስምንት ኩንታል ይዟል። በአንድ ጎተራ ብናስገባው ሁለት መቶ ሰው ወር ያህል ያቆይልናል። እስከዚያ ሌላ እንለምናለን።»

ይሁኔ በነጋታው ይዟት የማኅበሩ ስብሰባ ገባ። እሷም ሐሳቧን ዘረጋች፦ በቀን አንድ ጊዜ ንፍሮ፣ አቅሙ ለደከመ አጥሚት። ሥጋና ቅቤ አይገባም፤ እንዲህ ከሆነ እርድም ጾምም አያለያየንም። የከተማው ቤት ሁሉ ያለው እህል፣ የሌለው እንጨት ወይም ውሃ ያዋጣ።

አንድ ሽማግሌ ተቆጡ። «ከመቼ ወዲህ ነው የሰንበቴ እህል በሴት የሚታዘዝ?»

«አባቴ፣» አለ ይሁኔ፣ «አንድ ኩንታል ስንት ሰው እንደሚያሳድር ከመካከላችን የሚያውቅ ካለ ይነሣ።»

ሽማግሌው እያጉረመረሙ ተቀመጡ፤ በዚያው ሳምንት የሁለቱም ወገን እህል በአንድ ጎተራ ገባ።

በሐምሌ አጋማሽ ጎተራው የዘጠኝ ቀን እህል ብቻ ቀረው። ይሁኔና ዘኪያ ከዘኪያ ደንበኞች አንዱ በሆነው ሾፌር በበድረዲን የጭነት መኪና ደሴ ድረስ ሄደው ሲለምኑ ዋሉ። ማምሻውን አንድ ባለጸጋ ነጋዴ ተቀበላቸው።

«ሠላሳ ኩንታል እሰጣለሁ» አለ ወደ ይሁኔ ዞሮ። «ግን ለክርስቲያኑ ብቻ ይሁን።»

ይሁኔ በልቡ አሰላው። ሠላሳ ኩንታል! ዘኪያ መሬት መሬት ታያለች።

«ጌታዬ፣» አለ ይሁኔ፣ «ሰልፍ የያዘውን ሰው ሃይማኖቱን ጠይቀን አናውቅም። ዛሬም አንጀምርም።»

ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። መኪናው ውስጥ ዘኪያ «ብትቀበሉትም አልቀየማችሁም ነበር» አለችው።

«እኔ ራሴን እቀየም ነበር፣ እቴ።»

መሪውን የያዘው በድረዲን ነገሩን ከሥሩ ጠይቆ ሰማ። ከዚያ በኋላ በቆመበት ሁሉ፣ በነዳጅ ማደያው፣ በምግብ ቤቱ፣ በመስጊዱ ደጅ የሰማውን ሲያወራ ሰነበተ። ሠላሳ ኩንታል የመለሱ የረሃብተኛ መጋቢዎች አሉ እያለ።

በስምንተኛው ቀን ጎተራው ሊጠረግ ሲል ሁለት መኪና ጥሩንባውን እየነፋ ቆቦ ገባ። ሃያ ስድስት ኩንታል! ከፊሉን የደሴ ጀማዓ፣ ከፊሉን የወልድያ የጽዋ ማኅበርተኞች ነበሩ የሰጡት። ሾፌሮቹም ኪራይ አንቀበልም አሉ። ከዚያ ወዲያ ሳምንት አላለፈም፤ ከደቡብ የሚመጣ መኪና ሁሉ አንድ ሁለት ጆንያ ሳያወርድ አያልፍም ነበር።

ሁሉም አልዳኑም። ደክመው ከደረሱት ብዙዎቹን ቀበሩ፤ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ቀብር ሁለቱም ወገን አብሮ ወጣ። ነገር ግን ማሽላው እስኪታጨድ አንድም ቀን ድስቱ ከእሳት አልወረደም። በኅዳር ወር መጋቢያው ሲዘጋ በእግሩ ቆሞ ወደ አገሩ የተመለሰው ሰው ብዛት ከተማውን ራሱን አስገረመው።

በመጨረሻው ስብሰባ ዘኪያ ስትገባ መጀመሪያ ከመቀመጫቸው የተነሡት እኒያ የተቆጡት ሽማግሌ ነበሩ። የቀሩትም ተከትለዋቸው ተነሡ።

«ጎተራው አይፈርስም፤» አሉ ሽማግሌው። «በየዓመቱ ሁለታችንም እንሞላዋለን። ጠባቂዋም አንቺ ሁኚ።»

«አልሃምዱሊላህ» አለች ዘኪያ፣ ድምጿ ተሰብሮ። ወዲያው ግን ነጠላዋን አጥብቃ ተቀመጠች። «እንግዲያው የከርሞውን ዛሬውኑ እንምከር። ቆላው ምርቱን ሳይሸጥ ከየቤቱ ስንት ቁና እንጠይቅ?»

ይሁኔ ዙሪያውን አየ። ቄሱም፣ ሼኩም፣ ገበሬውም ወደ እሷ ጠጋ ጠጋ ብለዋል። የቆቦ ልጅ በመሆኑ እንደዚያን ቀን ኮርቶ አያውቅም።