ሦስተኛዋ ተቀባይ

ሁዜይፋ ሳጥኑን የሠራው ለባሲማ ነው። ባሲማ በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ሠርግ የምታደምቅ ዘፋኝ ናት፤ ግን ዘፋኝ ያለ ተቀባይ ምን ይሆናል? ከሦስቱ ተቀባዮቿ በለጡ ጅዳ፣ ትንሳኤ ቤሩት ሰው ቤት ገቡ። ሦስተኛዋ የሁዜይፋ እህት ኢልሀም ናት፤ ባሕር ልትሻገር ከወጣች ወዲህ አልደወለችም። ስደት የማይበላው የለም፣ ዘፈኑንም በላው።

ሁዜይፋ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። የሦስቱን ልጆች ድምፅ ድሮ ለየብቻ ቀድቶ አስቀምጦ ነበር። ስለዚህ አንድ ቢሮ ከጣለው ኮምፒውተር ሰሌዳውን ነቅሎ፣ ሳውንድ ካርድና ባትሪ ጨምሮ፣ ከተማሪ ሻንጣ በማይበልጥ የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ገጣጠመው። ጩኸቱ ማይክ ውስጥ እንዳይገባ ፋኑን አወጣ። ለሠርግ የሚመላለሱበት የአቀስታ ከተማ መንገድ ደግሞ የማያራግፈው ነገር ስለሌለ ዙሪያውን በፍራሽ ስፖንጅ ጠቀጠቀው። ከሳጥኑ ሦስት ፔዳል ይወጣል፤ አንዱን ሲረግጡት አንዲት ልጅ ትቀበላለች። ባሲማ ዘፈን ሳትጀምር ተቀባዮቿን በስም የመጥራት ልማድ አላት፤ የተጠራችውም "አለሁ" ትላለች። ይኸም ተቀድቷል።

እናቱ ኑርጃን ሱቁ መጥታ የኢልሀምን "አለሁ" ስትሰማ ሳቀች፤ ደግማ ደጋግማ አስረገጠችው። በወሩ የወንድሟ የአብዱሰላም ልጅ አቀስታ ላይ ትዳራለች፤ ከፊት ተቀምጬ ልጄን እሰማለሁ ብላ ሄደች።

በማግስቱ አህመዲን ለሁዜይፋ ደወለ። ከኢልሀም ጋር በአንድ ጀልባ የተሳፈረ ልጅ ነው። ጀልባዋ ተገልብጣ እሱ ተርፏል፤ እሷን በገዛ እጁ ባሕሩ ዳር ቀብሯታል።

ሁዜይፋ በሚኒባስ አቀስታ ሄዶ ለአጎቱ ነገራቸው። አብዱሰላም መጀመሪያ ሠርጉ ይለፍ አሉ። መርዶ በጎህ፣ በሽማግሌ ነው የሚነገረው፤ ሙሽራዋ በወጣች ማግስት ራሳቸው መጥተው ያረዷታል። አገሩ እንዲህ ነው፤ ሐዘንን በር ላይ ማስጠበቅ ያውቅበታል። ሁዜይፋም እሺ አለ። አንድ ነገር ግን አልቻለም። የሞተች ልጅ እናቷ ፊት "አለሁ" እንድትል ማድረግ ግፍ ሆነበት። የኢልሀምን ድምፅ አጠፋ፤ ባሲማንም፣ ቅጂው ተበላሽቷልና ሁለቱን ብቻ ጥሪ ብሎ ቃል አስገባት።

ያን ቀን ሦስተኛውን ፔዳል ሊሞክር ሲረግጠው ትንፋሽ ሰማ። ቃል የለበትም። ሰው ሊናገር ሲል የሚስባት፣ መሃል ላይ የምትሰበር አጭር ትንፋሽ ብቻ። የኢልሀም ትንፋሽ በትንሳኤ ማይክ የገባች ትሆናለች ብሎ ቅጂዎቹን አንድ በአንድ አዳመጠ፤ የለችም። ገመድ ቀየረ። ዲስኩን ደምስሶ ሁሉንም እንደ አዲስ ጫነ። ትንፋሿ አልጠፋ አለች፤ ይባስ ብላ በየቀኑ ትቀርብ ጀመር። መጀመሪያ ከግድግዳው ወዲያ የነበረች፣ ሠርጉ ሲዳረስ ከትከሻው ሥር ሆነች። ሁዜይፋ ፈራ። የፔዳሉን ገመድ በጉጠት ቆርጦ ጣለው።

አቀስታ ላይ ቀትር ነው፤ ዳሱን ብርዳም ነፋስ ያርገበግበዋል። ኑርጃን እንዳለችው ከፊት ተቀምጣለች። ባሲማ ከሞቀች ወዲያ የገባችው ቃል የት ትዝ ይላታል? በለጡን ጠራች፤ ሁዜይፋ ረገጠ፤ "አለሁ" አለ ስፒከሩ። ትንሳኤን ጠራች፤ "አለሁ"። አፏ እንደለመደው ቀጠለ።

"ኢልሀም።"

ስፒከሩ ዝም አለ። ከዝምታው ውስጥ ያቺ ትንፋሽ ተሳበች፤ ቃሉ ግን አልተከተላትም። ሁዜይፋ እግሩን አየ፤ የረገጠው ባዶ መሬት ነው።

ኑርጃን ተነስታ መጣችና በጆሮው "የሁለቱን ትተህ የእሷን ለምን አወጣህ?" አለችው።

"ተበላሽቶ ነው፣ እማ።"

"ደህናውን ሰምቼዋለሁ። ልጄ ብትኖር ታወጣት ነበር?"

ሊዋሽ ሞከረ፤ አልሆነለትም። መርዶውን ሊደብቅ የደከመው ድካም መርዶውን ነገራት። አንገቱን ደፋ። እሷ አልጮኸችም።

"ኢና ሊላሂ" አለች ቀስ ብላ። "ሙሽራዋ እስክትወጣ ለማንም እንዳትናገር።"

ከዚያ ባሲማ አጠገብ ሄዳ ቆመችና ከመጀመሪያው እንድትጠራ ነገረቻት። ባሲማ ግራ እየተጋባች በለጡን ጠራች፣ ትንሳኤን ጠራች፣ ከዚያ ቆም ብላ ኑርጃንን አየቻት። ኑርጃን ጥሪ ብላ ራሷን ነቀነቀችላት።

"ኢልሀም።"

ኑርጃን ትንፋሽ ሳበች። አጭር ነች፤ መሃል ላይ ተሰበረች። ሁዜይፋ ወር ሙሉ ሳጥኑ ውስጥ ሲሰማት የከረመው ትንፋሽ የእህቱ አልነበረችም።

"አለሁ" አለች እናቱ፤ ማጨብጨብም ጀመረች።