የንጋቱ ነፋስ መዝገብ

ላሩሲ የጥናቱን አርባ አንደኛ ገጽ ሦስት ጊዜ አነበበው። ሦስቱንም ጊዜ ቁጥሩ ያው ነበር። ቁጥሩን የጻፈው ደግሞ ራሱ ነው።

አንድ ኩባንያ ከባሕር ዳሯ ከተማ ከራስ ዘይቱን በስተምዕራብ፣ የወይራ እርሻው በሚጀምርበት፣ ከመጨረሻዎቹ ቤቶች አራት መቶ ሜትር ርቆ፣ የሦስት ከተሞችን ቆሻሻ እያቃጠለ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ፋብሪካ ሊተክል ነው። ያስጠናው ጥናት ሰባ ሁለት ገጽ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚፈራውን ነገር ግን በአንድ ሠንጠረዥ ዘግቶታል። ነፋሱ ንጋትም፣ ቀትርም፣ ምሽትም ከባሕር ወደ የብስ ስለሚነፍስ ጭሱ ወደ ወይራው እንጂ ወደ ቤቶቹ አይሄድም ይላል። ከሥሩ ምንጩ ተጠቅሷል፤ የኮረብታው የአየር ጠባይ ጣቢያ፣ የሃያ ስድስት ዓመት መዝገብ።

ሃያ ስድስቱንም ዓመት እዚያ ጣቢያ የሠራው ላሩሲ ብቻ ነበር። በቀን ሦስት ጊዜ የነፋሱን አቅጣጫና ፍጥነት ይመዘግባል። የቀትሩና የምሽቱ ትክክል ናቸው፤ በአንዲት ዲግሪ እንኳ ቀልዶ አያውቅም። የንጋቱ ግን ሌላ ነው። ሚስቱ በታመመችበት ክረምት አንድ ጠዋት ትቷት ኮረብታውን መውጣት አልሆነለትም፤ የማታውን ቁጥር እንዳለ ገልብጦ ለንጋቱ ጻፈ። ከዋናው መሥሪያ ቤት የጠየቀው አልነበረም። በማግስቱም ገለበጠ። ሚስቱ ድና ተነሣች፤ እሱ ግን ጡረታ እስኪወጣ ድረስ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ንጋት ላይ አልተነሣም።

ጥናቱ እጁ ከገባ ወዲህ ሰባት ቀን በተከታታይ ጎሕ ሲቀድ ጣሪያው ላይ ወጣ። አንቴናው ላይ ቀጭን ክር አሰረና አየ። ሰባቱንም ቀን ክሩ ወደ ባሕር ተዘረጋ። ነፋሱ ፋብሪካው ከሚተከልበት ቦታ ተነሥቶ፣ ዝቅ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ በቤቶቹ ላይ ያልፋል። በዚያ ሰዓት መስኮቱ ሁሉ ክፍት ነው። በየጣሪያው ላይ ፍራሽ ተነጥፏል፤ ሕፃናት አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል። ላሩሲ ቆጠራቸው። ከእሱ ጣሪያ የሚታዩት ብቻ አሥራ አንድ ነበሩ።

ይህን ለመናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ዓረፍተ ነገሩን ባሰበ ቁጥር ግን የኸሚስ ፊት ይደቀንበታል።

ኸሚስ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ፋብሪካውን የሚቃወመውን ሕዝብ የሚመራውም እሱ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ታናሽ ወንድሙ ሪዳ ጎሕ ሲቀድ በትንሿ ጀልባው ወጥቶ ቀረ። እሱም ጀልባውም አልተገኙም። ፖሊስ የጣቢያውን መዝገብ አስመጣ፤ ተሸክሞት የሄደው ላሩሲ ነበር። መዝገቡ በዚያ ጠዋት ነፋሱ ከባሕር ወደ የብስ ነበር ይላል። እንግዲህ ሞተሩ ቢጠፋ እንኳ ነፋሱ ወደ ዳር ይገፋው ነበር አሉ፤ ስለዚህ ሰውየው ሞተሩን አስነሥቶ፣ ሚስቱንና ልጆቹን ጥሎ፣ ወደ ጣሊያን ሄዷል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሚስቱ ማብሩካ በገበያ የምትጠራው «ባሏ ጥሏት የኮበለለ» እየተባለች ነው።

ስለ ፋብሪካው የሕዝቡ አስተያየት በሚሰማበት ስብሰባ ቀን ኸሚስ ራሱ ሊወስደው በሩን አንኳኳ፤ እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ በአክብሮት «ሲ» ብሎ ጠራው።

«ሲ ላሩሲ! አሁንም ሸሚዝ ይመርጣሉ? ሊድሩዎት እኮ አይደለም!»

«ሆዴን አሞኛል። እናንተ ሂዱ።»

«ሆድዎ ነገ ይመምዎት። እኔ ስናገር ‹ዓሣ ከመጎተት በቀር ምን ያውቃል› ይሉኛል። እርስዎን ምን ሊሉ ነው? መዝገቡ የእርስዎ!»

«መዝገቡ እኮ የሚደግፈው እነሱን ነው፣ ኸሚስ።»

«እሱን ነው የምልዎት! የሆነ ቦታ አጣመውታል፤ ሌቦች። አንድ ቃል ይበቃናል። ‹ቁጥሬን አበላሽተውታል› ይበሉና ይቀመጡ።»

ላሩሲ መንገዱን ሙሉ ይህን ቃል ሲያመነዥከው ሄደ። ቀላል ነበር። ነገር ግን ዋናው መዝገብ ቱኒስ ተቀምጧል፤ ከጥናቱ ጋር ለማስተያየት አንድ ሰዓት አይፈጅም። ውሸቱ ሲፈርስ የሰፈሩ አቤቱታም አብሮት ይፈርሳል። ከየትኛውም አቅጣጫ ቢያሰላው መልሱ አንድ ሆነበት።

የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ሞልቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ማብሩካ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ በካርቶን ቁራጭ ትርገበገባለች። ከዋና ከተማ የመጣችው ሰብሳቢ መነጽሯን አስተካከለችና ስሙን ጠራች።

«ሲ ላሩሲ፣ ጥናቱ በእርስዎ ሥራ ላይ በመመሥረቱ ክብር ይሰማናል።»

ተነሣ። ኸሚስ ከፊት ሆኖ በአገጩ «ይበሉ እንጂ» አለው።

«ቁጥሩን ማንም አላበላሸውም» አለ ላሩሲ። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት። የንጋቱን ነፋስ አልለካሁም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው የጻፍኩት።»

«ከብርድ ልብሱ ሥር የሚነፍሰውን ነበራ የሚለኩት!» ብሎ ከኋላ አንዱ ጮኸ።

አዳራሹ ሣቀ። ኸሚስ አልሣቀም።

ሰብሳቢዋ ብዕሯን አስቀመጠች። «ይህ እንደሚያስጠይቅዎ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«ጽፈው ይፈርማሉ?»

«እፈርማለሁ። ነፋሱ እንደገና ይለካ፤ ንጋት ላይ፣ እኔ ሳልሆን ሌላ ሰው ይለካው። በቤቶቹ ላይ ነው የሚያልፈው።»

ጥናቱ እስኪጣራ ጉዳዩ እንዲቆይ መወሰኗን ተናግራ ባዶ ወረቀት ወደ እሱ ገፋች። የሰፈሩ ሰዎች የጠየቁት ይኸው ነበር፤ ያጨበጨበ ግን የለም። ላሩሲ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ብዕሩን አነሣ። ከጀርባው የእግር ኮቴ ሰማ፤ የመንጠቆ ጠባሳ ያለበት እጅ ከወረቀቱ አጠገብ አረፈ።

«ንጋት፣ ንጋት ትላለህ» አለ ኸሚስ። «እርስዎ» ማለቱን ትቶ ነበር። «ሪዳ የወጣበትም ጠዋት?»

«የዚያም ጠዋት።»

«ጣሊያን ብለውናል እኮ።»

«ነፋሱን አላየሁም፣ ኸሚስ። ሐምሌ ነበር። በሐምሌ ንጋት ወደ ባሕር ነው የሚነፍሰው። ሞተሩ ከጠፋበት… ወደ ባሕሩ ውስጥ ይወስደዋል።»

የኸሚስ እጅ ጠረጴዛው ላይ ተጨበጠ። ላሩሲ ዓይኑን ጨፈነ፤ የሚመጣውን ጠበቀ። የመጣው ግን የማብሩካ ድምፅ ነበር፤ ከኸሚስ ትከሻ ጀርባ፣ ቀስ ያለ።

«ተወው፣ ኸሚስ። መጀመሪያ ይጻፍ። የባሌን ከላይ ይጻፈው፤ የሪዳን ስም ከነአባቱ።»

ላሩሲ የሪዳን ስም ጻፈ። ቀኑን ሳይጠይቅ ያስታውሰው ነበር፤ ሐምሌ አሥራ አራት፣ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት። ከዚያ እንደ ጥንቱ ሥራው መስመር አሰመረና «የነፋስ አቅጣጫ» ብሎ ከጎኑ «አልታየም» ሲል ጻፈ። ፊደሉ ስለተጣመመበት ሰርዞ እንደገና ጻፈው። ጽፎ ሲጨርስ ሁለቱ አሁንም ከበላዩ ቆመው ነበር፤ ቀና ብሎ ሊያያቸው ግን አልደፈረም።