የመሪው ዘይት ቀለም

ሚኒቫኗ ከግቢው በር ስትወጣ መሪዋ አቃሰተ። ልብስ ሰፊዋ ወደ ቀኝ ልታዞረው ብትል አልበገር አላት፤ በሁለት እጇ ተንጠልጥላበት እንደምንም መንገድ ያዘች።

"ምነው ልጄ፣ እየነዳሽ ነው ወይስ እየታገልሽ?" አሏት ከጎኗ የተቀመጡት እናቷ።

ታናሽ እህቷ ከወለደች አራተኛ ቀኗ ነው። ከኋላ እሷ፣ ወንድሟና ይህችው እህቷ በየተራ ያደጉበት የእንጨት የሕፃን አልጋ ለአራሷ ሊደርስ ተጭኗል። እሱን የሚችል ደግሞ ከዚህች መኪና ሌላ አልተገኘም። አባቷ ካረፉ ወዲህ መኪናዋ ሦስት ዓመት ሙሉ ከግቢ ወጥታ አታውቅም ማለት ይቻላል። ወንበሮቿ አሁንም አባቷ ይወዱት የነበረውን የሎሚ ከረሜላ ይሸታሉ።

ልብስ ሰፊዋ እያዘገመች መንገድ ዳር ካለው የመለዋወጫ ሱቅ ደረሰች። ባለሱቁ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሽማግሌ ናቸው። ኮፈኑን አስከፍተው ጎንበስ አሉ።

"የመሪ ዘይቱ አልቋል። የቱቦው ማሰሪያ ላልቶ ነው ሲያንጠባጥብ የከረመው።" ማሰሪያውን ጠበቅ አደረጉና ከመደርደሪያ ሁለት ጠርሙስ አመጡ፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ። "የትኛውን ነው የምትጠቀሙት?"

"ልዩነት አላቸው እንዴ ጋሼ?"

"አላቸው እንጂ! ያልሆነውን ከጨመርሽበት ጎሚኒዎቹ፣ ማለት የጎማ ቀለበቶቹ፣ አብጠው ፓምፑን ይዘውት ይሄዳሉ። እስኪ ክዳኑን እንየው።" የክዳኑ ጽሑፍ ግን ከተፋቀ ቆይቷል።

ወንድሟ ጋ ደወለች። "ቀይ ነዋ!" አለ ገና ሳትጨርስ። "አባዬ ሁሌ 'ያን ቀዩን ዘይት አቀብሉኝ' ይል አልነበር? ረሳሽው?"

አልረሳችውም። እሑድ እሑድ ጠዋት አባቷ እጅጌያቸውን ሰብስበው ኮፈኑ ሥር ሲያጎነብሱ፣ መጥረጊያ ጨርቅ ይዛ የምትቆመው እሷ ነበረች። ስልኩን ዘግታ እጇን ወደ ቀዩ ጠርሙስ ሰደደች።

"ተይው!" አሉ እናቷ በመስኮቱ። "አረንጓዴው ነው።"

"እማዬ፣ አባዬ ራሱ ቀይ ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ እኮ!"

እናትየው በሩን ከፍተው ወረዱ።  "አባትሽ ቀይና አረንጓዴ አይለይም ነበር" አሉ። "ሲፈጠር ጀምሮ። ለሱ ሁለቱም አንድ ዓይነት ቡኒ ናቸው። ማንም እንዳይሰማበት አስምሎኛል፤ ዘይቱን ከሱቅ የምገዛው እኔ ነበርኩ። እሱ ቀይ ይለዋል፣ እኔ አረንጓዴውን በጥቁር ጠርሙስ ገልብጬ አመጣለታለሁ።"

ልብስ ሰፊዋ እጇን ከቀዩ ጠርሙስ ላይ ሰበሰበች። ገበያ ሲሄዱ "ነይ የኔ ዓይናማ፣ የበሰለውን ቲማቲም ምረጪልኝ" የሚሏት አባቷ በዓይነ ሕሊናዋ መጡባት። የምትፈተን መስሏት ደረቷን ነፍታ ነበር የምትመርጠው። ዛሬ ክርና ጨርቅ ስታዛምድ የሚስተካከላት የለም፤ ያ ቀለም የመለየት ፍቅሯ ከዚያ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። እሳቸው ግን እውነትም ቸግሯቸው ኖሯል።

"ታዲያ የትራፊክ መብራቱስ?"

"ከላይ ሲበራ ይቆማል፣ ከታች ሲበራ ይሄዳል። ሲጠራጠር ጉልበቱን ነካ አደርገዋለሁ። ፊት ወንበር ላይ ልቀመጥ እያላችሁ ስታለቅሱ ለአንዳችሁም ያልለቀቅሁት ወድጄ መሰለሽ?"

ባለሱቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ብንሳሳት ፓምፑ ነው የሚበላሸው።"

ያኔ ልብስ ሰፊዋ ከቦርሳዋ ነጭ የጨርቅ ቁራጭ አወጣች። ቀለም ጨርቅ ላይ ሲዘረጋ ጠርዙ ላይ እንደሚታወቅ በሥራዋ ታውቃለች። ሽማግሌው ከዘይት መያዣው ሥር የቀረችውን ጥቁር ዘይት በሕክምና መርፌ ስበው ጠብ አደረጉባት። ሦስቱም አቀርቅረው ጠበቁ። መሐሉ ቡኒ ሆኖ ቀረ፤ ዙሪያው ግን ቀስ እያለ እንደ ቅጠል አረነጓደ።

"እናትሽ ልክ ናቸው" አሉ ባለሱቁ፤ ቀዩን ወደ ቦታው መለሱት።

አረንጓዴውን በማጥለያ ሞሉት። ልብስ ሰፊዋ ሞተሩን አስነስታ፣ በታዘዘችው መሠረት መሪውን እስከ ግራ፣ ከዚያም እስከ ቀኝ ደጋግማ አዞረችው። መጀመሪያ አጉረመረመ፤ እየቆየ ድምፁ ቀነሰ፤ በመጨረሻ ጭጭ አለ። በአንድ እጇ ስታዞረው ሰተት አለላት።

ወንድሟ መልሶ ደወለ። የሆነውን ነገረችው። "እኔ ደሞ" አለ፣ "ያን አረንጓዴ ሹራቤን 'ቀዩ ሹራብህ ያምርብሃል' ሲለኝ የሚቀልድብኝ መስሎኝ ስንት ቀን አኩርፌዋለሁ።" 

ዋናው መንገድ ላይ ወጡ። እናትየው ለዓመታት የያዙት ምሥጢር ከላያቸው ስለወረደ ነው መሰል፣ ወሬያቸው አላቋርጥ አለ፦ አባቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ይህችን መኪና ይዘው ሲመጡ እንዴት እንደተኩራሩ፣ ለሠርጋቸው መልስ ለእናትየው የገዙላቸውን ጫማ ቀለም እንዴት እንደሳቱት፣ እናትየውም ምንም ሳይሉ አድርገውት እንደሄዱ። ልብስ ሰፊዋ እየሰማች፣ ወሬው ሳያልቅ እህቷ ቤት እንዳይደርሱ ፍጥነቷን ቀነሰች። ከኋላ ያለው መኪና ጥሩምባ ነፋባት። ጥጓን ያዘችና አሳለፈችው።