የሙሽራዋ እግር ቀዘቀዘ

ልብስ ሰፊዋ ቬሎውን ጨርሳ ዘርፉ ብቻ ሲቀራት፣ ከሙሽራዋ እናት የስልክ መልእክት ደረሳት። እናትየው የባዕድ አገር ሰው ናቸውና የጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። ስልኩን ለታናሽ ወንድሟ አቀበለችው። የመድኃኒት ወረቀት ሳይቀር እያነበበ ለጎረቤት ስለሚተረጉም ሰፈሩ «መዝገበ ቃላት» ይለዋል።

«ቀሚሱን ለጊዜው አቁሚው፤ ልጄን ኮልድ ፊት ይዟታል፣ ይላል።»

«ፊቷን ምን ነካው?»

«ፊት በእነሱ እግር ነው። እግሯ ቀዝቅዟል ማለት ነው።»

«እግር ስለቀዘቀዘ ቀሚስ ይቆማል እንዴ?»

«እኔ የተጻፈውን ነው ያነበብኩት!»

ነገሩ ሲከነክናት አደረ። ሠርጉ በብርድ ወር ነው፣ የሙሽራዋ ጫማም ስስ ሳቲን። በማግስቱ ለጫማው የሱፍ ገበር ሰፍታ፣ በፌስታል ይዛ ሄደች።

በሩን የከፈተችው ሙሽራዋ ራሷ ናት፤ ዓይኗ አብጧል። ሰፊዋ ጎንበስ ብላ ባዶ እግሯን ዳሰሰች።

«ይሄማ ትኩስ ዳቦ ነው!»

እዚሁ ተወልዳ ያደገችው ልጅ መልእክቱን ስትሰማ ከእንባዋ መሃል ሳቀች። «እትዬ፣ አንድ ነገር ልታደርጊ ቆርጠሽ ተነስተሽ፣ አፋፉ ላይ ስትደርሺ ፍርሃት ከያዘሽ ነው እንደዚያ የሚባለው። እግሬስ ደህና ነው።»

«ታዲያ ልቤ ሸፈተ አትይም!»

«ልብ ደግሞ እንዴት ይሸፍታል? ጠመንጃ ይዞ?»

ደረጃው ላይ አብረው ተቀመጡ።

«የፈራሽው ልጁን ነው ሠርጉን?» አለቻት ሰፊዋ።

«እሱንማ እወደዋለሁ። ግን ከሠርጉ ማግስት መሥሪያ ቤቱ ወደ ሌላ ከተማ ያዛውረዋል። እናቴን ጥዬ መሄዴ ነው። ትሄጃለሽ ወይ ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም።»

«ነግረሽዋል?»

«አልነገርኩትም።»

«ካልነገርሽው በምን ይወቀው? ጠንቋይ አይደል!»

ያን ቀን ማታ ነገረችው። ልጁ መጀመሪያ አኮረፈ፤ ሳምንት ሙሉ ስልክ አላነሳም። ከዚያ መጥቶ እውነቱን አወጣ፦ እሱም ዝውውሩን አልወደደውም፣ ግን እሷ ከሥራ የሚሸሽ ሰነፍ ነው እንዳትለው ዝም ብሎ ነበር። ዝውውሩ እንዲቀርለት ማመልከቻ አስገባ፤ መልሱ እስኪመጣ ሠርጉ በሦስት ወር ተራዘመ። መልሱም ደግ ሆነ።

በሠርጉ ቀን ልብስ ሰፊዋ ከእናትየው ጎን ተቀመጠች። በቋንቋ አይግባቡም፤ ሙሽሮቹ ሲገቡ ግን ሁለቱም አንድ መሐረብ እየተቀባበሉ አለቀሱ።