በጎን የተሳለው አወቀ

ሐረገ ወይን የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍት በር ገፍታ ስትገባ መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ አገኘችው። ንባብ ብዙም ባይሆንላት ገጹን ለመለየት ፊደል አላስፈለጋትም። አባቷ አወቀ መዶሻ አንሥቶ፣ በጎኑ ተስሎ፣ በአንድ ዓይኑ በጌታ መዳፍ ላይ ወዳለው ሚስማር አፍጥጧል።

ዕድሜዋን የገፋችው ይህን ፊት ተሸክማ ነው። አለቃ ቀለመ ወርቅ ቤተ ክርስቲያኑን ሊስሉ ሲመጡ እሷ ገና ጡት አልጣለችም። ምእመኑ ሠዓሊውን በተራ ይቀልብ ነበር። የአወቀ ተራ የደረሰው ክረምት ላይ፣ ጎተራው ተራቁቶ ሳለ ነውና የባቄላ ቂጣ ይዞ ሄደ። አለቃ ቀመስ አድርገው መለሱለት። ሥራው አልቆ መጋረጃው ሲገለጥ ከቸንካሪዎቹ አንዱ አወቀን ሆኖ ተገኘ፤ የአፍንጫው ጉብታ እንኳ አልቀረም። ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ኃጥእ በአንድ ዓይን እንደሚሳል በዚያ አገር ሕፃን ያውቃል። በቂም ይሁን መልኩ ለሥራ ተመችቷቸው፣ አለቃን የጠየቃቸው የለም። አወቀም አልጠየቀም። እስኪሞት ድረስ ከቅጥሩ ውጭ ዛፍ ሥር ቆሞ አስቀደሰ እንጂ ወደ ውስጥ አልዘለቀም።

ሐረገ ወይንም "የቸንካሪው ልጅ" ሲሏት ከሁለተኛ ክፍል ቀረች። ካደገች በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ገበዝ በተለወጠ ቁጥር እየሄደች ያንን ፊት አስጠፉልኝ ብላ ለምናለች። ሜሮን የተቀባ ሥዕል ማን ይነካል ይሏታል፤ ትመለሳለች።

አለቃ ካረፉ በኋላ ስማቸው ገነነ። ሕይወታቸው ከነሥዕሎቻቸው ለልጆች ተብሎ በመጽሐፍ ታተመ፤ መጽሐፉም በካርቶን ወገዳ ከተማ ደርሶ፣ ከወገዳ በአህያ ተጭኖ እዚህ ገባ። መምህር ስንታየሁ ለአራተኛ ክፍል አነበበላቸው። ይህ ሰው ለምን አንድ ዓይን ብቻ ኖረው ብሎ ሲጠይቅ፣ ከኋላ አንዱ የትዝታ አያት ስለሆነ ነው አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የሐረገ ወይን ልጅ ትዝታ ከዚያ ወዲህ ደብተሯን አልነካችም፤ እናቷ ብትቆጣም ብታባብልም ከመደቡ አልነሣም አለች።

"መምህር፣ ይህን ገጽ ይቅደዱልኝ" አለች ሐረገ ወይን።

ስንታየሁ የመካነ ኢየሱስ ከተማ ልጅ ነው፤ ለአገሩ ገና እንግዳ ነው። ወንበር ሳበላት፤ አልተቀመጠችም።

"እትዬ ሐረግ፣ አባትዎ መሆናቸውን ማን ነገረኝ? ባውቅ እዘለው ነበር።"

"ይኸው አሁን አወቁ።"

"የመንግሥት ንብረት ነው። እዚህ ብቀደውስ? ሌላው ቅጂ ደብረ ታቦር አለ፣ አዲስ አበባ አለ።"

"አዲስ አበባ አባቴን የት ያውቀዋል። የሚያውቀው ይህ አገር ነው።"

መምህሩ መጽሐፉን ወደ ራሱ ሳበ። እሷም፣ ካልቀደዱት ከጫፍ እስከ ጫፍ ያንብቡልኝ፤ ቤቴን ያፈረሱትን ሰውዬ ልወቃቸው አለችው።

አነበበላት። አለቃ በልጅነታቸው ወላጅ አልባ እንደቀሩ፣ ቀለም ከአፈርና ከቅጠል ሲያወጡ እጃቸው እንደተላጠ፣ ከደብር ደብር ሲዞሩ ውሻ እንደዘነጠላቸው፣ ለቅዱሳኑም ለኃጥአኑም መልክ ያገኙትን ሰው ፊት ይወስዱ እንደነበር። ስለ ባቄላ ቂጣ የተጻፈ የለም። ልትጠላቸው መጥታ ለውሻው ንክሻ ማዘኗ አናደዳት።

"የአባቴ ስምስ?"

"የለም።"

"መልኩን ወስደው ስሙን ጣሉት በለኛ።"

"እኔ ምን ላድርግ፣ እትዬ?"

"ምን ታደርጋለህ። እኔስ ምን አደረግሁ።" ሳይታወቃት አንቱታውን ጥላዋለች።

ደወል ተደወለ። የአራተኛ ክፍል ልጆች እየተጋፉ ገቡ፤ ባዶ ወረቀት ታደላቸው። የመጽሐፉ መጨረሻ፣ እንደ አለቃ እናንተም የምታውቁትን ሰው ሳሉ ይላል። ስንታየሁ ዘበኛውንም፣ የጎረቤት ሽማግሌዎችንም ለምኖ ነበር፤ ለመሳል የሚቀመጥለት አላገኘም። አወቀ የደረሰበትን ሁሉም ያውቃል።

ሐረገ ወይን በሩ ጋ ደርሳ ቆመች። ብትወጣ የምትሄደው ወደ መደቡ ነው፤ ትዝታ ግድግዳውን አቅፋ ወደተኛችበት። የምትላት ነገር የላትም። እሷን ራሷን ሰው ሁሉ፣ አንቺ ቁርጥ አባትሽን ነሽ ይላታል፤ ስድብ ነበር።

ተመልሳ መምህሩ የሳበላትን ወንበር ወደ ልጆቹ አዞረችው። ተቀመጠችበት፤ ሻሿን ፈታች።

"የአወቀ ፊት ይኸው። ሳሉት።"

አልሳቁም። አጎንብሰው ጀመሩ። ግድግዳው ላይ ያለው በዚህ እንደማይጠፋ ታውቃለች። ትዝታም ነገ ትምጣ አትምጣ አታውቅም። አንገቷ ደነዘዘ፤ ዓይኗ አለቀሰ፤ አልጠረገችውም።

ፊት ለፊቷ የተቀመጠችው ሃይማኖት የምትባል ልጅ ስትስል ስታጠፋ ወረቀቷን ቀደደችው።

"እትዬ፣ ሁለቱ ዓይኖች እኩል አልሆን አሉኝ" አለች። "ወደ ጎን ቢዞሩልን ይቀለን ነበር።"

አዎ፣ አዎ አሉ ሌሎቹም። ስንታየሁ አቀረቀረ።

"ይክበዳችሁ" አለች ሐረገ ወይን፤ አልዞረችም።