አርባ ሰባተኛው ደቂቃ

ጥፋቱ የእኔ ነው። ዝም ብል ኖሮ ስድስት ቀን ሙሉ በድሬዳዋ ቀትር አልቃጠልም ነበር።

የወንድሜ የናሁሰናይ የሠርግ ቪዲዮ ሦስት ዓመት ሙሉ ፍላሽ ውስጥ ተቀምጦ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። አንድ ቀን መሥሪያ ቤት ሥራ ሲቀዘቅዝብኝ ከፈትኩትና አርባ ሰባተኛው ደቂቃ ላይ የጎረቤታችንን የኑርቶን ልጅ፣ ዐብዲናሲርን አየሁት። የለስላሳ ሳጥን ተሸክሞ በድንኳኑ ግራ በኩል ይገባና በቀኝ ይወጣል። ሰባት ሰከንድ ቢሆን ነው። ዐብዲናሲር ከሠርጉ በኋላ ዓመት ሳይሞላ በጅቡቲ መንገድ በመኪና አደጋ ሞተ፤ ስልኩም አብሮት ደቀቀ። ካሜራ ስለማይወድ ለእናቱ የቀሩላት ሁለት ጉርድ ፎቶዎች ብቻ ናቸው። ሲራመድ የሚያሳይ ነገር ያለው እዚያ ፍላሽ ላይ ብቻ ነው።

የእኔ አፍ ደግሞ አያርፍም። ከሥራ ስወጣ ቤቴ እንኳ ሳልገባ ኑርቶ ጋ ሮጥኩ።

"ኤዶ፣ ዐብዲናሲርን አገኘሁልሽ! ቪዲዮ ላይ አለ፤ ይራመዳል!" አልኳት። ኤዶ በሶማሊኛ አክስቴ ማለት ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የምጠራት እንደዚያ ነው።

የምትለቅመውን ሩዝ አስቀምጣ ቀና ብላ አየችኝ። ስልኬን ላወጣ ስል እጄን ያዘችው።

"በስልክ አይሆንም፣ ሶፊ። ልጄን መዳፍ ላይ አላየውም። ትልቅ አድርጊልኝ።"

ቀላል መስሎኝ ነበር። የኑርቶ ቴሌቪዥን አርጅቷል፤ ፍላሹን ብሰካበት ፋይሉን አላውቀውም አለ። እኔ ግን የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛ ነኝ፤ በዚህ እረታለሁ? መታወቂያ ካርድ የምታክል ኮምፒውተር ከመሥሪያ ቤት አስፈቅጄ አመጣሁ። ሳጥን እንኳ የላትም፤ ራቁቷን ያለች አረንጓዴ ቦርድ ናት። ከቴሌቪዥኑ ጋር በኬብል ትገናኛለች፣ በስልክ ቻርጀር ትበራለች፣ ቪዲዮ ታጫውታለች። ታጫውታለች ተብሎ ነው እንግዲህ።

ድሬዳዋ ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትተኛለች። ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ ጥላ ፈልጎ ይቆማል፣ ከሙቀቱ የተነሳ ውሻ እንኳ አይጮኽም። እኔ የምሳ እረፍቴን ሠውቼ ከኑርቶ ቴሌቪዥን ጀርባ ተንበርክኬያለሁ። የመጀመሪያው ቀን ምስሉ መጣ፣ ድምፁ ጠፋ። ድምፁን አመጣሁት፣ ምስሉ ቀጥ አለ። ጥጉ ላይ ቢጫ የመብረቅ ምልክት ብልጭ ድርግም ይላል፤ ኃይል አነሰኝ ማለቷ ነው። ቀፊራ ገበያ ሄጄ "ኦሪጅናል ነው ዋላሂ" የተባለልኝን ቻርጀር ገዛሁ። የኦሪጅናሉ ዕድሜ ግማሽ ሰዓት ሆነ። እየተራገምኩ ሌላ ገዛሁ።

በሁለተኛው ቀን መብረቁ ጠፋ። ሙሽራዋ ከቤቷ ወጣች፣ ሚዜዎቹ ጨፈሩ፣ ናሁሰናይ በላብ ተጠመቀ። ሠላሳ አንደኛው ደቂቃ ላይ ምስሉ ይንገጫገጭ ጀመር፤ ከዚያ የአጎቴ አፍ እንደተከፈተ ድርቅ ብሎ ቀረ።

"ግድ የለም፣ ኤዶ" አልኳት፤ "በቀጥታ ዐብዲናሲር ጋ ልዝለልልሽ።"

"አይሆንም። ከመጀመሪያው አድርጊልኝ።"

"የመጀመሪያውን አየነው እኮ!"

"ሠርግ ከመሀል ይገባል እንዴ? ከመጀመሪያው።"

ከመጀመሪያው አደረግኩት። ሙሽራዋ እንደገና ከቤቷ ወጣች። አሁን ደግሞ በሃያ ስምንተኛው ደቂቃ ቆመ።

ፋይሉ ከብዷት ይሆናል ብዬ መሥሪያ ቤት ወስጄ አቀለልኩት። በሦስተኛው ቀን ሠላሳ ሦስት ደቂቃ ሄዶ ቆመ። ፕሮግራሙን አጥፍቼ እንደ አዲስ ጫንኩ። ሚሞሪ ካርዱን ቀየርኩ፣ ኬብሉን ቀየርኩ፣ አራተኛው ቀን ከሦስተኛው ባሰ። የወንድሜን ሠርግ እንደዚያ እጠላዋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ሚስቱን መንገድ ላይ ባገኛት፣ ደግሞ ከቤት ልትወጣ ነው ብዬ ተናደድኩባት። ትዕግሥት ሲታደል እኔ ሰልፉ ላይ አልነበርኩም።

ኑርቶ ግን አንድ ቀን እንኳ አልከፋትም። ቪዲዮው በቆመ ቁጥር "ነገ ይሆናል፣ አይዞሽ" ትለኛለች። የሎሚ ጭማቂ ትሰጠኛለች፣ ቬንቲሌተሩን ወደ እኔ ታዞርልኛለች። ይኼ እርጋታዋ ከቦርዷ በላይ ያናድደኝ ጀመር። ለእሷ ብዬ ስንገበገብ ምናለበት አብራኝ ትንሽ ብትቆጣ?

በአምስተኛው ቀን ጥጉ ላይ የቴርሞሜትር ምልክት አየሁ። ሙቀት! ከቴሌቪዥኑ ጀርባ እጄን ሰድጄ ቦርዷን ብነካት ጣቴን ለበለበችኝ። ደግሞም ልብስ ለብሳለች። አራት ጊዜ የታጠፈ ነጭ ዳንቴል ተደርቦባታል። ኑርቶ ቤት ቴሌቪዥኑም፣ ፍሪጁም፣ የውኃ ጀሪካኑም ዳንቴል አላቸው፤ ዳንቴል የሌለኝ እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ በየቀኑ ራሴ ገልጬ እየሰካሁ፣ ስቀመጥ እሷ መልሳ እያለበሰቻት፣ ዓይኔ ጨርቁን አልፎት ነበር።

"አቦ ኤዶ! ይኼን ምን ብለሽ ነው ያለበስሻት?"

"አቧራ እንዳይገባባት ነዋ። የሰው ዕቃ አይደለች?"

"በዚህ ሙቀት ብርድ ልብስ? ሙቀት ነው እኮ የሚያቆማት! ከእንግዲህ ምንም እንዳታለብሻት። ገባሽ?"

"ገባኝ" አለች ቀስ ብላ።

እረፍቴ ስላለቀ ለነገ ቀጠርኳትና ወደ ሥራ ተመለስኩ። በደስታ ሰከርኩ ብል ይቀላል። ነገ ኑርቶ ልጇን ታያለች፣ እኔም እንቅልፌን እተኛለሁ።

በስድስተኛው ቀን ቦርዷን ራቁቷን እንዳለች ሰካሁና ከመጀመሪያው ጀመርን። ሁሉም ነገር እንደ ውኃ ፈሰሰ። ሃያ ደቂቃ ሲሆን ውኃ ልጠጣ ወደ ጓዳ ገባሁ። ስመለስ ኑርቶ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አጎንብሳ፣ ያንኑ ዳንቴል እያጠፈች ቦርዷ ላይ ትደርባለች።

ፈነዳሁ።

"ትናንት ምን አልኩሽ? አቧራ ሳይሆን ሙቀት ነው አላልኩሽም? ስድስት ቀን፣ ኤዶ! እንቅልፌን ትቼ፣ ቀፊራን አዳርሼ! ለማን ብዬ ነው?"

"አውቃለሁ" አለች።

"ምኑን ነው የምታውቂው?"

"ሙቀት እንደሚያቆማት። እስከ ትናንት አላወቅኩም ዋላሂ፤ ለአቧራው ብዬ ነበር። ዛሬ ግን አውቄ ነው።"

ዳንቴሉን እንደያዘች ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች።

"ፎቶዎቹን እስኪደበዝዙ አየኋቸው" አለች። "አዲስ ነገር አይነግሩኝም። ጓደኞቹም የሚያውቁትን ሁሉ አውርተው ጨረሱልኝ። ከልጄ ያላየሁት የቀረኝ ይኼ ብቻ ነው፣ ሶፊ። አንቺ ሮጠሽ መጥተሽ ከነገርሽኝ ቀን ጀምሮ ጠዋት ስነሳ የምጠብቀው ነገር አለኝ። ዛሬ ካየሁት ነገ ምን እጠብቃለሁ?"

ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። በስልክ አላይም ያለችው፣ ከመጀመሪያው ያለችው፣ ነገ ይሆናል ያለችው ሁሉ አንድ ላይ መጣብኝ። አፈርኩ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ የምትጠብቀው ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ አለመናገሬ ነው። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ኤዶ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ሰባት ሰከንድ ብቻ ነው። ሳጥን ተሸክሞ ያልፋል፤ ወደ ካሜራው እንኳ አያይም። ካልፈለግሽ አሁኑኑ አጠፋዋለሁ።"

"ወደ ካሜራ መቼ አይቶ ያውቃል እሱ!" አለችና ሳቀች። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሚዜዎቹ ይጨፍራሉ። ኋላ ተነስታ በገዛ እጇ ቬንቲሌተሩን ወደ ቦርዷ አዞረችው።

"አታጥፊው" አለችኝ።

ሠላሳ አንደኛው ደቂቃ አለፈ። ሠላሳ ሦስተኛውም አለፈ። አርባኛው ላይ ኑርቶ እጄን ያዘች። ኬክ ተቆረሰ፣ ሽማግሌዎች መረቁ። አርባ ሰባት።

ዐብዲናሲር በግራ በኩል ገባ። ሳጥኑን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ በሰው መሀል እየተሽሎከለከለ መጣ። ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሷል። ኑርቶ እጄን ለቃ ብድግ አለች።

"የዋበሪ ሸሚዝ!" ብላ ጮኸች። ዋበሪ ባሏ ነው። "ዋላሂ የአባቱ የዒድ ሸሚዝ ነው! እህቱን ካውሰርን በካውያ አቃጥለሽ ጥለሽው ነው ብዬ ስንት ቀን አስለቀስኳት! እሱን ስጠይቀው ዓይኑን በጨው አጥቦ 'አላየሁም' አለኝ! እይው፣ ሳጥን ይሸከምበታል ደግሞ!"

ቴሌቪዥኑ አጠገብ ደርሳ ጣቷን ቀሰረችበት።

"ዋርያ፣ አንተ ዐብዲናሲር! ቆይ ብቻ! ቤት ትመጣ የለ!"

ዐብዲናሲር በቀኝ በኩል ወጣ። ኑርቶ ጣቷ እንደተቀሰረ ቆማ ቀረች። ያለችው ገና አሁን ጆሮዋ ገባ። ተነስቼ አቀፍኳት።